ዜሮ የመሰለው አምስት

ወረቀቷ ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም። የሹፌሩ በር ሲከፈት ብቻ በሚታየው ምሰሶ ላይ፣ የጎማ ነፋስ መጠን ከሚያሳየው ሠንጠረዥ ዝቅ ብላ ተለጥፋለች። ጊዜ አንጥቷታል፣ ጠርዟም ተልጧል፤ በዐረብኛ የታተመው ጽሑፍ ደብዝዟል። መካከሏ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈው ግን አልጠፋም። ሦስት ሳምንት ሙሉ በሩን ስከፍትና ስዘጋ አይቻታለሁ፤ አንድም ቀን ልብ ብዬ አላነበብኳትም።

ጋሼ መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ጎንበስ አሉ። ከሳሪስ አቦ አለፍ ብሎ፣ በቆርቆሮ በታጠረ ግቢ ውስጥ ነው የሚሠሩት። ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኔም ስማቸውን ጠይቄ አላውቅም። በወጣትነታቸው ጂዳ ውስጥ ለዓመታት በመካኒክነት ሠርተዋል።

«ቦርዱ ላይ ስንት ይላል?» አሉኝ።

«ዘጠና ስምንት ሺህ ምናምን።»

«ይሄስ?»

«ዐረብኛ አላነብም እኮ ጋሼ።»

«ቁጥር ነው፤ ሞክሪው።»

ሞከርኩ። አንድ ቀጥ ያለ መስመር፣ ቀጥሎ እንደ ጎጆ ጣራ የቆመ ምልክት፣ ከዚያ ዜሮ፣ ከዚያ ሦስት ነጥብ። ዜሮ ያልኩትን ዘይት ባጠቆረው ጣታቸው መታ መታ አደረጉት። «ይሄ ዜሮ አይደለም፤ አምስት ነው። የነሱ ዜሮ ነጥቧ ናት። ጎጆዋ ስምንት ናት። በይ አሁን አንብቢው።»

አንድ መቶ ሰማንያ አምስት ሺህ። ቀጣዩ ዘይት የሚቀየርበት ኪሎ ሜትር ነው፤ ያውም መኪናዋ ገና ባሕር ሳትሻገር።

ደላላው «የሴት እጅ ናት፤ ከቤት ቢሮ፣ ከቢሮ ቤት» ብሎኝ ነበር። ውልና ማስረጃ ገብተን ከፈረምን፣ ስም ከዞረ፣ ኮሚሽኑም ከተከፈለ በኋላ ስልኩን ማንሳት ትቷል። እኔ እዚያው ቆሜ ስንገበገብ ጋሼ ወረቀቷን ትተው ኮፈኑን ከፍተዋል። «ምን ይገርምሻል? ቁጥሩን ተይው» አሉ ከውስጥ። «ሞተሩ ቁጥር አያነብም። ማን ምን እንደሠራላት የሚነግርሽ ሰው የለም። ስለዚህ ምንም እንዳልተሠራላት ቁጠሪና ከዜሮ ጀምሪ። እውነተኛው ዜሮ ማለቴ ነው፣ ነጥቧ።»

ያገለገለ መኪና መግዛት አዲስ አበባ ውስጥ ዱሮም የብዙኃኑ መንገድ ነበር፤ አሁን ግን ለቤንዚን መኪና ፈላጊ ከሞላ ጎደል ብቸኛው መንገድ ሆኗል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ዕድሜያቸው በገፋ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ። እናም ቀድመው የገቡት ቪትዞች፣ ያሪሶችና ኮሮላዎች ከእጅ ወደ እጅ ይዞራሉ። ሦስተኛ ባለቤት መሆን ዕድል ነው፤ አምስተኛም ስድስተኛም መሆን አለ። ባለቤት በተቀየረ ቁጥር ሊብሬው አብሮ ይዞራል፤ የጥገናው ታሪክ ግን ከሻጩ ጋር ይቀራል። ሊብሬው የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ይነግራችኋል እንጂ ዘይቱ መቼ እንደተቀየረ አይነግራችሁም። ቦሎም እንደዚሁ ነው፤ መስታወቱ ላይ የተለጠፈው ወረቀት መኪናዋ በምርመራው ዕለት ፍሬኗና መብራቷ እንደሠሩ ይመሰክራል እንጂ ራዲያተሩ ውስጥ ምን እንዳለ ያየ የለም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። ያሪሷን በገዛሁ ማግስት መጀመሪያ ያወጣሁት ገንዘብ ለወንበር ልብስ ነው። ቡናማ፣ ቆዳ መሳይ፣ በነጭ ክር የተሰፋ። ቀጥሎ ምንጣፍ፣ ቀጥሎ የሚንጠለጠል ሽቶ። ጋሼ የወንበር ልብሱን አይተው «ያምራል» ካሉ በኋላ የዘይት መለኪያውን መዝዘው በጨርቅ ጠርገው መልሰው ከተቱና እንደገና አውጥተው አሳዩኝ። ጫፉ ላይ ብቻ አንድ ጥቁር ጠብታ። ወንበሯን ያለበስኳት መኪና ዘይት አልነበራትም።

ዘይት ስንል ብዙዎቻችን የሚታየን ማለስለሻ ብቻ ነው። እንደኔዋ ባለ 1.3 ሊትር ያሪስ ሞተር ላይ ግን ዘይት ሠራተኛም ነው። ቫልቮቹ የሚከፈቱበትን ጊዜ የሚያስተካክለው ክፍል የሚንቀሳቀሰው በዘይት ግፊት ነው። ፒስተኖቹንና ቫልቮቹን አቀናጅቶ የሚያሠራውን ሰንሰለት ወጥሮ የሚይዘውም የዘይት ግፊት ነው። ዘይቱ ሲጎድል ወይም ሲጠቁርና ሲረጋ፣ ጠዋት ሞተሩ ሲነሳ ለሁለትና ሦስት ሰከንድ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ የተናጠ የሚመስል ድምፅ ይሰማል። እኔ ያንን ድምፅ «የብርድ ነው» ብዬ ሰይሜው ነበር።

እዚህ ላይ ከብዙ ጋራዦች ልማድ እለያለሁ። «መኪናው ስላረጀ ወፍራም ዘይት ይስማማዋል» የሚል ብሂል አለ። 20ደብሊው50 የተጻፈበትን፣ አንዳንዴም ከዚያ የባሰ ወፍራም ይሞሉበታል። ዘይት ለሚበላ፣ ፋሻው ላለቀ ሞተር ጊዜ መግዣ ይሆን ይሆናል። ጤነኛ ለሆነ የቶዮታ ሞተር ግን መጽሐፉ የሚለው 5ደብሊው30 ነው፤ ቀዳዳዎቹና ቧንቧዎቹ የተለኩት ለሱ ነው። የኅዳርና የታኅሣሥ ጠዋት ላይ ወፍራሙ ዘይት እላይኛው ቫልቮላ ድረስ እስኪደርስ ሞተሩ ደረቁን ይሠራል። ብዙው ብልት የሚበላውም ያኔ ነው።

የኔዋ ከነፊልትሮው 3.7 ሊትር ትወስዳለች፤ አንድ ባለ 4 ሊትር ጀሪካን ይበቃታል። ጋሼ አሮጌውን ቀድተው አዲሱን ከሞሉ በኋላ አንድ ያልጠበቅሁት ነገር አደረጉ። ባዶውን ጀሪካን አንስተው በካቻቢቴ ወጉት። «ለምን?» ብላቸው፣ «ነገ ቀይ አፈር የመሰለ ዘይት ተሞልቶበት ላንቺው እንዳይሸጥ» አሉኝ። ከዚያ ወዲህ ዘይት ባስቀየርኩበት ሁሉ ባዶውን ጀሪካን ቀድጄ ወይም ይዤ ነው የምወጣው፤ የሚታዘበኝ ይታዘበኝ።

የመጀመሪያው ዘይት አይቆይም፤ መቆየትም የለበትም። አዲሱ ዘይት የአሮጌውን ዝቃጭ እያጠበ ስለሚያወርድ፣ ከ1,000 እስከ 1,500 ኪሎ ሜትር ውስጥ እንደገና ከነፊልትሮው መቀየር ከብዙ ነገር ያድናል። ከዚያ በኋላ በየ5,000። «ማሸጊያው ላይ 10,000 ይላል እኮ» የሚል ሰው አይጠፋም። አዎ፤ ግን መገናኛ ላይ አንድ ሰዓት ስንቆም ሞተሩ አንድ ሰዓት ሙሉ ይሠራል፣ ኪሎ ሜትሩ ግን ፍንክች አይልም። የአዲስ አበባ መኪና ከሚቆጥረው በላይ የሠራ ነው፤ ቁጥሩ ባይነካ እንኳ።

ዘይቱ ከመሞላቱ በፊት ፊልትሮና ካንዴላ ልገዛ ሶማሌ ተራ ወርጄ ነበር። ሱቁ በሁለት ሰው ትከሻ ልክ ነው፤ ግድግዳው ከወለል እስከ ጣራ ካርቶን። ልጁ ቀና ሳይል «ኦርጅናል ነው ቻይና?» አለኝ።

«ኦርጅናል።»

«የትኛው ኦርጅናል?»

ስድብ መሰለኝ፤ ለካ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። የጃፓን የሚባል አለ፣ የታይዋን አለ፣ «የዱባይ ኦርጅናል» የሚባል ምን እንደሆነ ማንም የማይተረጉመው አለ፣ ከሌላ መኪና የተፈታም አለ። ለወንበር ልብስ ቻይናም ይሁን ምንም ግድ የለም። ለዘይት ፊልትሮ ግን ግድ አለ፤ በሐሰተኛው ውስጥ ያለው ወረቀት ዘይት ሲያርሰው ይለቃል። ልጁ ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አድርጎ አሳየኝ። አንደኛውን ጣቴን ቀዳዳው ውስጥ ከትቼ ስጫነው ወረቀቱ ሰረጎደ፤ ሌላኛው አልሰረጎደም። ያልሰረጎደውን ገዛሁ። ከዚህ የተሻለ ምርመራ በዚያ ጠባብ ሱቅ ውስጥ የሚቻል አይመስለኝም።

ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ቴስታታ፣ ሞተሪኖ፣ ፍሬቻ፣ ጎሚስታ፤ ቋንቋው ራሱ ያገለገለ ዕቃ ነው። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ወረራ ጊዜ ይዞት መጥቶ ጥሎት የሄደውን የመካኒክ ቃል እኛ ፈትተን፣ አጽድተን፣ መልሰን ገጥመን እስከ ዛሬ እንነዳዋለን። በጋራዥ ውስጥ አማርኛ የሚናገር ሰው ሳያውቀው ግማሽ ጣሊያንኛ ነው የሚናገረው።

ወደ ጋሼ ልመለስ። ዘይቱ ካለቀ በኋላ የራዲያተሩን ክዳን ፈቱ፤ ሞተሩ ሙሉ በሙሉ ከበረደ በኋላ መሆኑ ይሰመርበት፤ በትኩሱ የከፈተ ፊቱን ነው የሚያቃጥለው። ከታች ያለውን መፍሰሻ ሲለቁት የወጣው ሸክላ ሠሪ እጇን የታጠበችበት ውሃ ይመስላል። ኩላንት ሳይሆን የቧንቧ ውሃ፤ ለዓመታት የተጨማመረ።

«አገራችን በረዶ የለ፣ ኩላንት ምን ያደርጋል?» የሚለውን ክርክር ከብዙ ባለመኪና ሰምቻለሁ። ኩላንት የሚከላከለው በረዶ መሆንን ብቻ ቢሆን ልክ ነበሩ። ግን የያሪስ ሞተር ብሎኩም ቴስታታውም አልሙኒየም ነው፤ ተራ ውሃ ቀስ እያለ ይበላዋል፣ የቧንቧ ውሃ ደግሞ ጀበና ውስጥ እንደምናየው ያለ ነጭ ቅርፊት ውስጡ ላይ ይጋግራል። ቅርፊቱ ሙቀት አያሳልፍም። የራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች አንድ በአንድ ይደፈናሉ፤ ባለቤቱም መስከረም ላይ ደህና የነበረች መኪና መጋቢት ላይ ለምን እንደምትፈላ አይገባውም።

ከዚህ ሁሉ ያስደነቀኝ ግን ክዳኑ ነው። አናቱ ላይ 1.1 ተጽፎበታል፤ ውሃው እስከዚያ ግፊት ድረስ ታምቆ እንዲቆይ የሚያደርግ ሞላና ጎማ አለው። ነገሩ ለአዲስ አበባ ልዩ ትርጉም አለው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ስላለች ሽሮ በድስት የሚንተከተከው፣ ውሃ በማንቆርቆሪያ የሚፈላው በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው እንጂ በ100 አይደለም። ሞተሩ ደግሞ በጤናው ሲሠራ 90 ገደማ ይደርሳል። ጤነኛ ክዳን የመፍያውን ነጥብ ከ115 በላይ ያደርሰዋል፤ ሰፊ ሜዳ ነው። የክዳኑ ጎማ ደርቆ ግፊቱን መያዝ ካቃተው ግን በሥራ ሙቀትና በመፍላት መካከል የሚቀረው ሁለት ዲግሪ ነው። ጅቡቲ ባሕር ዳር ላይ ያ መኪና የተሻለ ፋታ ያገኛል። እዚህ የጎተራ ዳገት ላይ በመጨናነቅ መሐል ይፈላል፤ ፈልቶ ሲቆይ ቴስታታው ይጣመማል፣ ጓርኒሲዮኑ ይቃጠላል፣ የዘይት መሙያው ክዳን ሥርም ማኪያቶ የመሰለ ነገር ይታያል። ጠዋት ጠዋት አጭር መንገድ ብቻ በምትሄድ መኪና ላይ እንፋሎት ተጠራቅሞ ትንሽ አረፋ ሊታይ እንደሚችልም ልብ በሉ፤ መለኪያው ዘንግ ላይ ያለው ዘይትም ማኪያቶ ከሆነ ግን ሌላ ምርመራ አያስፈልግም።

የኔው ክዳን ጎማ እንደ ደረቀ ቆሎ ተሰነጣጥቋል። ጋሼ በሁለት ጣታቸው ይዘው ሞላውን ተጫኑት፤ ተመልሶ አልወጣም።

ቀጥሎ ቴርሞስታቱን ፈለጉ። የለም። ባዶ ቤቱ ብቻ። መኪና ሲፈላ ምክንያቱን ፈልጎ ከማግኘት ይልቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል የብዙ ጋራዥ ፈጣን መድኃኒት ነው። ለጊዜው ይሠራል፤ ውሃው ሳይገታ ስለሚዞር መለኪያው ዝቅ ይላል። ሞተሩ ግን በቂ ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ቤንዚን አብዝቶ ይጠጣል፣ ቶሎም ይበላል። «ትኩሳት አለብህ አለኝ ብሎ የሐኪሙን መለኪያ የሰበረ ማለት ነው» አሉ ጋሼ። አዲስ ቴርሞስታት፣ አዲስ ክዳን፣ ሁለት ጊዜ በንጹህ ውሃ እጥበት፣ ከዚያ ሮዝ ኩላንት። ለዚህ ሁሉ የከፈልኩት ከወንበር ልብሱ ያነሰ ነው።

የፍሬኑን ዘይት ሳየው አዲሱ የጠጅ ቀለም እንዳለው፣ የኔው ጠላ መሆኑን ለማወቅ ባለሙያ መሆን አላስፈለገኝም። የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ እርጥበት ይስባል፤ ቆርቆሮው ተከፍቶ ሲቀመጥም፣ መኪናው ውስጥም። ዶት 3 የሚባለው ዓይነት አዲስ ሳለ እስከ 205 ዲግሪ አይፈላም፤ ውሃ ከጠጣ በኋላ ግን 140 ላይ ሊፈላ ይችላል። ከተማ ውስጥ ላይታወቅ ይችላል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ በረሃ ስንወርድ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጥን ስንሄድ ግን ይታወቃል፤ የፈላው ዘይት አረፋ ይሆናል፣ ፔዳሉም ወለል ድረስ ይሰምጣል። ስለዚህ በየሁለት ዓመቱ መቀየር፣ ቁልቁለቱንም በፍሬን ሳይሆን በማርሽ መውረድ። አውቶማቲክም ቢሆን ያው ነው፤ ማርሹ ላይ ያለው «2» ቁጥር ለጌጥ አልተጻፈም።

ጎማዎቼ ጥርሳቸው ሙሉ ነበር። ሻጩም «ጎማው ገና አዲስ ነው» ብሎኛል። ጎኑ ላይ በትንሽ ሞላላ ክብ ውስጥ አራት አኃዝ አለች፦ 3413። የ2013 ሠላሳ አራተኛው ሳምንት ማለት ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር። በኛ ነሐሴ 2005። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ 13ቱን በኛው አቆጣጠር 2013 ብሎ ያነብና ጎማውን በስምንት ዓመት ወጣት ያደርገዋል። ጎሚስታው ጎኑን ጎበጥ ሲያደርገው እንደ ክረምት ማግስት ጭቃ የተሰነጠቀ መስመር ታየ። ስኮርታው የባሰ ነበር።

የቀረውን ባጭሩ። የማርሽ ዘይት የተቃጠለ ሽታ ከሌለው ቀድቶ በመጽሐፉ ዓይነት መተካት ይበቃል። ባለ ቀበቶ ሞተር የገዛችሁ፣ ማለትም የቆየች ኮሮላ ያላችሁ፣ ቀበቶው በ100,000 ኪሎ ሜትር ይቀየራል ስለሚባል ቁጥሩን አምናችሁ አትጠብቁ፤ ዛሬውኑ ቀይሩ። ሲበጠስ መኪናው ባለበት ይቆማል፣ በአንዳንዱ ሞተር ደግሞ ፒስተንና ቫልቮላ ይጋጫሉ። ቁልፍ ሲከፈት፣ ሞተር ሳይነሳ፣ የሞተር ምልክቷ ቢጫ መብራት መብራት አለባት። ካልበራች ሞተሩ ጤነኛ ስለሆነ አይደለም፤ አንድ ሰው አሳውሯታል። አሞርቲዛተርና ቡሽ ላይ ደግሞ የራሳችን ስሜት ያታልለናል። የማያውቁት አገር አይናፍቅም እንዲሉ፣ መኪናዋ አዲስ ሳለች እንዴት ትሄድ እንደነበር ስለማናውቅ ማንጓጓቱን የመንገዱ ጥፋት እናደርገዋለን። አንዴ እንደሷ ባለች፣ ግን በደንብ በተያዘች መኪና ተሳፍራችሁ ያንኑ መንገድ ሂዱ።

ማምሻውን ጋሼ የጓንት ማስቀመጫውን ነቅለው ከኋላው ያለውን የአየር ማጣሪያ ሳቡት። ወደ ሰው የሚነፍሰውን አየር የሚያጣራው ነው። ሲወጣ እግሬ ሥር ደቃቅ፣ ቢጫ፣ እንደ ዱቄት የለሰለሰ አሸዋ ፈሰሰ። አዲስ አበባ እንዲህ ያለ አፈር የላትም። ጋሼ በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መካከል ፈተጉት፤ ወዲያው አላራገፉትም። ለአፍታ ሥራቸውን ያቆሙ መሰለኝ።

«ይሄን አፈር አውቀዋለሁ» አሉ።

መኪናዋ እዚህ ከገባች ጀምሮ ያቺን ማጣሪያ የነካት የለም ማለት ነው። ስንት ባለቤት፣ ስንት ሠርግ፣ ስንት ትምህርት ቤት ማድረስ፤ ሁሉም የበረሃ አሸዋ እየማጉ።

ሒሳብ ከፍዬ ልወጣ ስል ረዳታቸው ልጅ ነጭ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ መጣ። ጋሼ ከእጁ ተቀብለው፣ ከዐረብኛዋ ወረቀት ሥር ቦታ ለክተው ለጠፉት። ልጁ ዐረብኛዋን ላንሳት ቢለኝ አይሆንም ብዬው ነበር። ጥቅምት 15 ብለው ጻፉ። ዘይት፣ ፊልትሮ፣ ኩላንት፣ የፍሬን ዘይት። ከዚያ እስክሪብቶውን አንስተው ወደ ቦርዱ አዩ።

«ኪሎ ሜትሩን ስንት ብዬ ልጻፍልሽ?»

98,671 ይላል። ሁለታችንም አየነው።

«እሱን ይጻፉ ጋሼ» አልኩ፣ «ከጎኑ ግን የጥያቄ ምልክት ያድርጉበት።»